ቀለም ላይ የታሰረ ኧርዝ

ጅማ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ሁለት የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ቡና ይዘው ተከራከሩ። መነሻው የአንድ ቡና መጋዘን ሚዛን ነው። የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ኢንቨርተሩ፣ በተነሳ ቁጥር የሚዛኑ ቁጥር ይዘላል። ክርክሩ ኬብሎቹ በተዘረጉበት የብረት መደርደሪያ፣ በኬብል ትሬዩ፣ ላይ ነው።

ወጣቱ፣ "ጋሼ፣ ኬብል ትሬዩ እኮ ኧርዝ አለው። ወደ መሬት የሚወርድ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በአንድ ጫፉ አስሬያለሁ። በመልቲሜትር ስለካው ይጮሃል፤ ከጮኸ አለቀ" አለ። ሌላ ማስረጃ አልነበረውም፤ ጩኸቷን ግን ሦስቴ ደገማት።

ትልቁ "ልጄ፣ ነገር ከአያያዝ ይቀደዳል" ብሎ ከትሬዩ የተፈታ የመገጣጠሚያ ላሜራ ከቦርሳው አወጣ። በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ቀለሙ አልተጫረም። መልቲሜትሩ የጮኸው በብሎኑ ጥርስ በኩል፣ በባትሪ ዲሲ ነው። ኢንቨርተር የሚረጨው ሞገድ ግን ሜጋኸርዝ ይደርሳል፤ በሴኮንድ ሚሊዮኖች ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። 1 ሜትር ሽቦ ፈጣን ሞገድን የሚያግድ ባሕርይ (ኢንዳክታንስ) 1 ማይክሮ ሄንሪ ገደማ ስላለው በ10 ሜጋኸርዝ ከ60 ኦም በላይ ያግዳል። ሰውን ኤሌክትሪክ እንዳይዘው የሚያድን ሽቦ ሞገዱን ወደ መሬት አያወርደውም። ሌላው ጫፉ የተንጠለጠለ 7 ሜትር ተኩል ትሬይ ደግሞ በዚያው ድግግሞሽ አንቴና ይሆናል።

ወጣቱ "በሁለት ጫፍ ከታሰረ ኤሌክትሪክ የሚዞርበት ዙር ይፈጥራል" ብሎ ሞከረ። ስለ ሲግናል ኬብል ሽፋን የሰማውን ለትሬይ አለበሰው።

"ከአያያዝ ይቀደዳል አልኩህ!" አለ ትልቁ። ልክ ነው። ትሬይ በሁለቱም ጫፍ፣ በየመገጣጠሚያውም ይታሰራል። ቀለሙ ብረቱ እስኪያበራ ይፋቃል፤ ጥርሳም ሮንዴላ ይገባል፤ ዳዶው ይጠብቃል፤ የተፋቀው ዳር ከውጭ እንደገና ይቀባል። በክብ ሽቦ ፋንታ ጠፍጣፋ የመዳብ ሹሩባ ይሁን፤ 10 ሴንቲ ሜትር ከረዘመ ስፋቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር አይነስ። እንደ ጅማ ዝናብና እርጥበት በማይጠፋበት አገር ራቁት መዳብ ዚንክ የተለበጠውን (ጋልቫናይዝድ) ብረት ይበላዋል፤ ቲን የተለበጠው መዳብ ይሻላል። ኬብል የሚያልፍበት የብረት ቱቦም፣ ኮንዲዩቱ፣ ፓኔል በሚገባበት ቦታ ከዳዶው ሥር ይፋቅ። መሀል ላይ አንዲት የፕላስቲክ መታጠፊያ ከገባች የብረቱ መስመር እዚያው ተቆረጠ።

ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለዚህ ነው፤ አያያዙን ግን ዛሬ ማን ያያል? ኮርኒሱ ቶሎ ይዘጋል፤ ተረካቢው ቀና ብሎ መብራት ቆጥሮ ይፈርማል። ልጁም ሲማር ያየው ይህንኑ ነው። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ አምፖሉ በቁጥር ሰፍሯል፣ የግድግዳው ቀለም በካሬ ሰፍሯል። ለሮንዴላና ለሹሩባ የተጻፈ አንድ መስመር የለም።