ጋምቤላን ወደብ ያደረጋት ባሮ ነው ወይስ ደጋው?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ጋምቤላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቆመችው በወንዙ ነው ወይስ ከኢሉባቦርና ከወለጋ በሚወርደው ጭነት? በጽሑፍ የተከራከሩት በቃሊቲ የሚኖሩ ጡረተኛ የጉምሩክ አስተላላፊና በቡራዩ የሚያስተምሩ የታሪክ መምህርት ናቸው። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቃሊቲው ተከራካሪ

ዕድሜዬን የጭነት ሰነድ ሳገላብጥ ስለኖርሁ፣ ወደብ የሚጀምረው መርከብ ሊቆም ከሚችልበት ቦታ እንጂ ከሸቀጡ እንዳልሆነ አምናለሁ። ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (1902) አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት ውል፣ በአራተኛው አንቀጹ፣ ከጋምቤላ በታች ባሮ ዳር ባለችው በኢታንግ አቅራቢያ ወንዝ ዳሩ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ያኔ በእንግሊዝ ሥር ለነበረው የሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ቦታው የንግድ ጣቢያ ብቻ እንዲሆን፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውልም ተጽፏል። ይሁንና በ1907 የጉምሩክ ጣቢያው የተከፈተው ከኢታንግ ሽቅብ፣ ጋምቤላ ላይ ነው፤ መርከብ የሚደርስበት የመጨረሻው ስፍራ እሱ ነበርና። ባሮ ሲሞላ በወር ሁለት ጊዜ የሚመላለሰው መርከብ ወደ ካርቱም ሲወርድ ሰባት ቀን፣ ሲመለስ አሥራ አንድ ቀን ይፈጅበት ነበር። የምሥራቁ ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ቢደርስም አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። እስከዚያ ድረስ የጎሬ ነጋዴ ቡናውን በበቅሎ ጭኖ ወደ ጅቡቲ ላኩ ቢባል ትርፉን መንገድ በበላው ነበር።

የቡራዩዋ ተከራካሪ

ጋሼ ስለ ውሉ የጻፉት ትክክል ነው፤ የማልስማማው በመደምደሚያቸው ነው። ባሮ ከውሉ በፊትም ይፈስ ነበር። በ1898 ከደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር የተወሰነው ክፍል ባሮ የሚገባበት የሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ እስከሚገናኝበት ድረስ ወርዶ ተመልሷል። በዚያው ዓመት ማብቂያ በነጭ ዓባይ ዳር ያለችውን ፋሾዳን የለቀቀው ፈረንሳዊው የጦር መኮንን ማርሻን ደግሞ በእንፋሎት ጀልባ ሶባትንና ባሮን ሽቅብ መጥቶ፣ ጀልባውን ባሮ ላይ ትቶ በእግር ወደ ጎሬ ወጥቷል። ከሁለቱም ጉዞ ከተማ አልተወለደም።

ነገሩ የሚገባን የዓመቱን ዑደት ስናይ ነው። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ሲሆን፣ ቡና የሚለቀመው ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ በክረምት ደግሞ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚያወርደው የቡሬ ቁልቁለት በጭቃ ስለሚያዳልጥ የተጫነ በቅሎ አይደፍረውም። ስለዚህ ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው በበጋ ወርዶ ወንዙ እስኪሞላ መጋዘን ውስጥ ይከመራል፤ በመርከብ የመጣው ጨውና አቡጀዲም በተራው የደጋው መንገድ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ዘበኛውን፣ መዛኙን፣ ተሸካሚውን፣ የግሪኩንና የሶርያውን ነጋዴ ጋምቤላ ላይ ያስቀመጣቸው ይህ ጥበቃ ነው። መርከቡማ አራግፎና ጭኖ ይሄዳል። (ውሉ ሲፈረም የወንዙ ዳር ባለቤት የሆነውን የአኝዋ ሕዝብ የጠየቀ አልነበረም፤ ጉዳዩ ራሱን የቻለ ክርክር ስለሚሻ አልገባበትም።)

የቃሊቲው ተከራካሪ

መጋዘኑ የሚጠብቀው ውሃውን ከሆነ ጌታው ውሃው ነው። እኅቴ የዘለሉትን ማዕድንም ልጨምር፦ በ1920ዎቹ ፕላቲኒየም ይወጣበት የነበረው ዩብዶ በቢርቢር ሸለቆ የሚገኝ ሲሆን፣ ባሮ የሚባለው ወንዝ የሚጀምረው ቢርቢርና ገባ ሲገናኙ ነው። የማዕድኑ ሰፈርና ወደቡ የአንድ ውሃ ልጆች ናቸው።

የቡራዩዋ ተከራካሪ

ዝምድናው የካርታ ነው። ፕላቲኒየም ዋጋው ከባድ፣ መጠኑ ትንሽ በመሆኑ በጥቂት በቅሎ ላይ፣ ጠባቂ ተጨምሮለት፣ በየትኛውም መንገድ ሊጓዝ ይችላል፤ መርከብ የግድ የሚያስፈልገው ብዙ ሆኖ ኪሎው ርካሽ ለሆነው ለቡና ነው። ሱዳን በ1956 ነጻ ወጥታ ኪራዩ ሲያበቃ የሆነውንም ይመልከቱ፦ ወደቡ እየተዳከመ ሄደ፣ ቡናው ግን በመኪና ወደ አዲስ አበባ ዞረ። ዛሬም ከነቀምቴ መስመር የሚመጣው ባለ ተሳቢ በቡራዩ ሲያልፍ ከመማሪያ ክፍላችን ይታያል። ባሮ መፍሰሱን አላቆመም፤ የቀረው ጭነቱ ነው።

የቃሊቲው ተከራካሪ

የተጠየቅነው ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ 1956ን ማስረጃ አድርጌ አልቀበልም፤ በ1907 ቡናው የሚዞርበት የመኪና መንገድ አልነበረም። ደጋው ወሳኝ ቢሆንማ ኖሮ ጣቢያው አዲስ አበባ ላይ በተጻፈው መሠረት ኢታንግ ላይ በቀረ ነበር።

የቡራዩዋ ተከራካሪ

ኢታንግን ማንሳታቸው ለእኔ ይጠቅመኛል። መርከብ ኢታንግም ይደርስ ነበር፤ ለመርከቡ ብቻ ቢታሰብ ኖሮ ጥልቁ ውሃ ያለው ከታች ስለሆነ እዚያው መቆም ይበቃው ነበር። ወንዙ እየቀነሰ ወደሚሄድበት፣ የጉዞው ወራትም ወደሚያጥሩበት ወደ ጋምቤላ ሽቅብ የተገፋው፣ ከጎሬና ከሳዮ (ከደምቢ ዶሎ) የሚወርደው ተሸካሚ በሙቀቱና በወባው ቆላ የሚሄደው መንገድ እንዲያጥር ነው። መርከቡ ወደ ደጋው ተጠጋ እንጂ ደጋው ወደ መርከቡ አልወረደም።