የደንባር ትምህርት ቤት ታሪክ ለእኛም ልጆች ነው

የአሜሪካ ጥቁሮች የትምህርት ታሪክ ሲነሳ 1954 (እ.ኤ.አ.) ሳይጠቀስ አይታለፍም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪዎችን በቀለም መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ የወሰነው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን ችግር እንጂ እውቀት ያልነበረባቸው ተደርገው ይነገራሉ። ችግሩ በብዙ ቦታ እውነት ነው። የነጮቹ ተማሪዎች ተጠቅመው የተዉት አሮጌ መጽሐፍ ነበር የሚደርሳቸው። እውቀት አልነበረም የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ብዙዎቻችን ኢትዮጵያውያን የምንኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ ራሷ ምስክር ናት።

በ1870 በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የተጀመረው ትምህርት ቤት ኋላ ኤም ስትሪት ተባለ፤ ከ1916 ጀምሮ ደግሞ በገጣሚው በፖል ሎረንስ ደንባር ስም ይጠራል። ዩኒቨርሲቲዎች ቀለማቸውን አይተው በራቸውን የዘጉባቸው ምሁራን እዚያ ያስተምሩ ነበር። ከሃርቫርድ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘው የታሪክ ተመራማሪ ካርተር ዉድሰን አንዱ ነው። ከተማዋ በፌዴራል መንግሥት ሥር ስለነበረች የጥቁር መምህራን ደመወዝ ከነጮቹ እኩል መሆኑም ጠቅሟል።

ከሁሉም የአና ጁሊያ ኩፐር ነገር ይገርመኛል። በባርነት ተወልዳ በ1902 የዚህ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነች። ለጥቁር ልጅ የእጅ ሙያ ይበቃዋል በሚባልበት ዘመን ተማሪዎቿን ላቲን እያስጠናች፣ ለሃርቫርድና ለመሳሰሉት ኮሌጆች ታዘጋጅ ነበር። በ1906 ከኃላፊነቷ ተነሳች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ወደዚያው ትምህርት ቤት በመምህርነት ተመለሰች፤ እያስተማረችም በ1925 ከፓሪሱ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን አገኘች።

የደም ባንክን ሥራ ካደራጁት ሐኪሞች ግንባር ቀደም የሆነው ቻርልስ ድሩ የደንባር ልጅ ነው። ለ1954ቱ ውሳኔ መንገዱን የጠረገው የሕግ ሰው ቻርልስ ሂውስተንም ከዚሁ ትምህርት ቤት ወጣ። የመለያየትን ሕግ የናደውን ሰው ያስተማሩት በዚያው ሕግ የተገለሉ መምህራን ናቸው ማለት ነው።

ዋጋውን የከፈሉትም እነሱ ናቸው። በደቡብ ግዛቶች ትምህርት ቤቶች ሲዋሐዱ በአብዛኛው የተዘጋው የጥቁሮቹ ነበር፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር መምህራንና ርዕሳነ መምህራንም ከሥራ ተባረሩ ወይም ዝቅ ተደረጉ። ከመላው ከተማ ጎበዞችን ይሰበስብ የነበረው ደንባር የአንድ ሰፈር ትምህርት ቤት ሆኖ ቀረ። የ1916ቱ ሕንፃም የቀድሞ ተማሪዎቹ እየተቃወሙ በ1977 ፈረሰ። ሕጉ መሻሩ ትክክል ነበር፤ ውሕደቱ የተፈጸመበት መንገድ ግን በደል ነበረበት።

ይህን ለእኛ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ለአሜሪካ ኑሮ የበቁት የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በሩን ስለከፈተ ነው፤ ያ ሕግ ደግሞ የጥቁሮች የመብት ትግል ያመጣው ለውጥ አካል ነው። ምግብ ቤቶቻችን የተደረደሩበት የሾው ሰፈር ከደንባር በእግር ያስኬዳል። እንዲህም ሆኖ ቤት ስንፈልግ «ጥቁሮች የበዙበት ትምህርት ቤት ነው» የሚል ወሬ ብቻ ሰምተን ጀርባችንን የምናዞር አለን። ወላጅ የትምህርቱን ጥራት መርምሮ ይምረጥ፣ መብቱ ነው። የተማሪዎችን ቀለም የጥራት መለኪያ ማድረግ ግን ኩፐር ዕድሜዋን ሙሉ የታገለችውን አስተሳሰብ ቤታችን ማስገባት ነው። የማኅበረሰብ ማዕከሎቻችንና የሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ለልጆቹ አድዋን ሲያስተምሩ የደንባርንም ታሪክ ያስተምሩ፤ አብረዋቸው የሚማሩት ልጆች የማን ልጆች እንደሆኑ ከእኛ ይስሙ።