ዳይሱ ከተጣለ በኋላ

የጨዋታ ሕግ በደንብ የሚነበበው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዳይሱ አራት ሲወጣ። ሃያ የወጣለት ሰው የሕጉን መጽሐፍ ሲገልጥ አይቼ አላውቅም።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በፈረንጆቹ 1974 የወጣ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። አንዱ ዳኛም ተራኪም ይሆናል፣ ሌሎቻችን ጀግኖች ነን፣ ጀግንነታችንን ግን የሚወስነው ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ነው። ሐዋሳ ላይ የምንጫወተው ጥቂት ሰዎች ነን። አንዳችን የሕግ ተማሪ ነው፤ መከራችን እዚህ ጋ ይጀምራል።

በ2014ቱ እትም «ዕድለኛ» የሚባል ችሎታ አለ። የመረጠው ሰው ሦስት የዕድል ነጥብ ያገኛል፤ አንዷን ከፍሎ ሌላ ዳይስ ይጥልና የሚሻለውን ይወስዳል። እስከዚህ ሰላም ነው። ጣጣው ነጥቡን ዳይሱን ካዩ በኋላ፣ ነገር ግን ውጤቱ ከመወሰኑ በፊት መክፈል ይቻላል መባሉ ነው። ውጤቱ የሚወሰነው መቼ ነው? ዳኛው ሲናገር? ወይስ ሊናገር አፉን ሲከፍት? የሕግ ተማሪው ጓደኛችን የዳኛውን ፊት ያጠናል፤ ቅንድቡ ትንሽ ከተነሳ «ቆይ ቆይ፣ ነጥቤን ከፍያለሁ!» ይላል። ምስኪኑ ዳኛ አሁን ዳይስ በተጣለ ቁጥር ፊቱን በሜኑ ይሸፍናል። ሌላ ሰው ነጥቡን ሲያወጣ ደግሞ «የወጣልህን ተቀበላ፣ ወንድ አይደለህም?» የሚለው ማን መሰላችሁ?

ዓይን የመጨፈኑ ነገር ግን ከዚህም ይብሳል። ዒላማውን የማያይ ተኳሽ ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን እንዲወስድ ሕጉ ያዛል። የዕድል ነጥብ ሲጨመርበት ዳይሱ ሦስት ይሆንና ከሦስቱ ደስ ያለውን ይመርጣል። ስለዚህ ጓደኛችን ዘንዶ ፊት ቆሞ ዓይኑን ይጨፍናል። ጨፍኖ የተሻለ ይመታል! እብደት ነው፣ ግን ምን ታደርገዋለህ፣ መጽሐፉ ከሱ ጋር ነው።

የ2024ቱ እትም ቀዳዳውን ደፍኖታል፤ ነጥቡ አሁን የሚፈቅደው ሁለት ጥሎ ትልቁን መውሰድ ነው፣ ዓይኑን ከጨፈነ ደግሞ የነጥቡ ጥቅምና የመጨፈኑ ጉዳት ይጣፋሉ። ደስ ብሎን አሳየነው። «ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ የኔ ጀግና የተወለደው በድሮው ነው» አለና ዓሣውን መብላት ቀጠለ።

ባለፈው ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ስንጫወት ዳይሱ ከጠረጴዛው ተንከባሎ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እግር ሥር አረፈ። መሬት የወደቀ ዳይስ ድጋሚ ይጣላል ወይስ አይጣላም ብለን እየተጨቃጨቅን፣ ጓደኛችን ከሩቅ አንገቱን አስግጎ «ሃያ ነው፣ ከዚህ ይታየኛል» ይላል። ሄዶ የሚያረጋግጥ ደፋር ጠፋ፤ ያንን ምንቃር ያየ ያውቀዋል። በዚህ መሀል አባ ኮዳው ጎንበስ አለና ዳይሱን ዋጠው። ዳኛው መጽሐፉን ሊዘጋ ሲል ጓደኛችን እጁን አወጣ።

«ውጤቱ ገና ስላልተወሰነ የዕድል ነጥቤን እከፍላለሁ።»