ከሳሽ፣ ዳኛና ይግባኝ ሰሚ አንድ ሰው ሲሆን

የአሜሪካን ፉትቦል ባትከታተሉም “ዲፍሌትጌት” የሚለውን ስም ሳትሰሙት አልቀራችሁም። የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ኳርተርባክ (ኳስ የሚወረውረው መሪ ተጫዋች) ቶም ብሬዲ ኳስ በማስተንፈስ ጉዳይ ተጠርጥሮ አራት ጨዋታ የታገደበት ታሪክ ነው። ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ስለ አየር ተጨቃጨቀ። አንዱ “ሌባ” አለ፣ ሌላው “ተበደለ”። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን የፍርዱ አካሄድ ነው። ብሬዲ ጥፋተኛ ቢሆን እንኳ እንደዚያ መዳኘት አልነበረበትም።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18፣ 2015 ነው። ማሳቹሴትስ ፎክስቦሮ ውስጥ ፓትሪየትስ ከኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ጋር የዋንጫው ጨዋታ ወደሆነው ሱፐር ቦውል ለመግባት ይጫወታሉ። በዚህ ስፖርት እያንዳንዱ ቡድን የሚያጠቃው ራሱ ባዘጋጀው ኳስ ነው። ከጨዋታው በፊት አርቢትሮች ይለኩታል። ግፊቱ ከ12.5 እስከ 13.5 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) መሆን አለበት። ላላ ያለ ኳስ በብርድና በዝናብ ለመጨበጥ ይመቻል፤ ስለዚህ ማስተንፈስ ጥቅም አለው። ኮልትሶች ቀድመው ጥርጣሬያቸውን ውድድሩን ለሚመራው ሊግ፣ ለኤንኤፍኤል፣ ነግረዋል። በሁለተኛው ሩብ አንድ ኳስ ጠለፉ፤ ወዲያው ወሬው ተነሳ። በእረፍት ሰዓት 11 የፓትሪየትስ ኳሶች ተለኩ። ሁሉም ከ12.5 በታች ሆነው ተገኙ። ኳሶቹ እንደገና ተነፉ። ፓትሪየትስ በተነፉት ኳሶች ሁለተኛውን አጋማሽ 28 ለ 0 አሸንፎ ጨዋታውን 45 ለ 7 ጨረሰ።

ሊጉ ቴድ ዌልስ የሚባሉ ታዋቂ ጠበቃ ቀጠረ። ሪፖርታቸው 243 ገጽ ነው፤ ሜይ 6፣ 2015 ወጣ። በብሬዲ በኩል የቆመ ሰው ሊሸሸው የማይችለው ነገር አለበት። አንድ የቡድኑ ሠራተኛ ኳሶቹን ይዞ ወደ ሜዳ ሲሄድ መንገድ ላይ መጸዳጃ ቤት ገብቶ በር ዘግቷል። 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቆይቷል፤ ካሜራ ቀርጾታል። ይኸው ሰው ከወራት በፊት በላከው የስልክ መልእክት ራሱን “አስተንፋሹ” ብሎ ጠርቷል። ቡድኑ “ክብደት ስለ መቀነስ ነው ያወራው” አለ። እኔ ይህን ማብራሪያ አልተቀበልኩትም። ዌልስ የደረሱበት መደምደሚያ፣ ሠራተኞቹ ኳሶቹን ማስተንፈሳቸው ካለማስተንፈሳቸው ይልቅ ያመዝናል የሚል ነው። ብሬዲም “ቢያንስ በጥቅሉ ያውቅ ነበር” ተባለ። ልብ በሉ፣ አዘዘ አልተባለም።

አሁን ወደ ኳሱ እንግባ። ዋሽንግተንም ሆነ ሚኒያፖሊስ የሚያሽከረክር ሐበሻ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የክረምቱ ብርድ ሲጀምር ጠዋት መኪናውን ሲያስነሳ የጎማው መብራት ይበራል። ጎማው አልተበሳም። አየሩ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ወርዶ ነው። ኳስም እንደዚያው ነው።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንየው። መለኪያው 12.5 ሲል በውጭ ካለው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው የሚነግረን። የውጭውን 14.7 ስንጨምርበት 27.2 ይሆናል። ኳሶቹ መጀመሪያ የተለኩበት ክፍል 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነበር፤ ሜዳው 9 ዲግሪ ገደማ። በኬልቪን 294 እና 282 ማለት ነው። 27.2ን በ282 አባዝተን ለ294 ብናካፍል 26.1 ይመጣል። 14.7ን መልሰን ስንቀንስ 11.4 ይቀራል። ማንም እጁን ሳያስገባ ኳሱ ከደንቡ በታች ወረደ። የዌልስ ባለሙያዎችም በራሳቸው ስሌት ከ11.32 እስከ 11.52 ድረስ መውረድ የተፈጥሮ ነው ብለው ጽፈዋል።

ታዲያ ኳሶቹ ስንት ተገኙ? በእረፍት ሰዓት ሁለት መለኪያ ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ አይስማሙም። የአንዱ አማካይ 11.49፣ የሌላው 11.11 ነው። የመጀመሪያው ተፈጥሮ ከሚፈቅደው ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ከዚያ በታች። እንግዲህ ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው ዋናው አርቢትር ዋልት አንደርሰን ከጨዋታው በፊት በየትኛው ለካ በሚለው ላይ ነው። አንደርሰን የለካሁት ዓርማ ባለበት መለኪያ ነው ብሎ እንደሚያስታውስ ተናገረ። ያ 11.49 ያሳየው፣ ለብሬዲ የሚበጀው ነው። ሪፖርቱ ግን “ተሳስቶ ሳይሆን አይቀርም” ብሎ አለፈው። የሌላውን የምሽቱን ትዝታውን፣ የኳሶቹን መነሻ ቁጥር ሳይቀር፣ ተቀብሎ ይህን አንዱን ጣለው። የመነሻውን ልክ ደግሞ ወረቀት ላይ ያሰፈረ ሰው የለም። በእስክሪብቶ አንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ ክርክሩ ገና ከመነሻው ይለይለት ነበር።

“የኮልትስ ኳሶች ያን ያህል አልወረዱም” የሚል ክርክር አለ። እውነት ነው። የተለኩት ግን 4 ብቻ ናቸው። የተለኩትም ከፓትሪየትሶቹ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሞቅ ባለው ክፍል ቆይተዋል። የሊጉ ባለሙያዎች ይህም ቢሆን ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ አያስረዳም ብለዋል። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህር ጆን ሊዮናርድ በበኩላቸው ቁጥሩን መርምረው በኳሶቹ ላይ የተፈጸመ ነገር የለም አሉ። በ2016 ደግሞ 21 የፊዚክስና የምህንድስና መምህራን ለፍርድ ቤት በጽሑፍ ተመሳሳይ ሐሳብ አቀረቡ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ፣ በሁለት በኩል የሚያከራክር ማስረጃ ፊታችሁ አለ። ማን ይወስን?

ሜይ 11 ሊጉ ብሬዲን አራት ጨዋታ አገደው። ቡድኑን 1 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ የ2016 የአንደኛ ዙርና የ2017 የአራተኛ ዙር የድራፍት (አዲስ ተጫዋቾችን በተራ የመውሰድ) ምርጫውን ወሰደበት። ብሬዲ ይግባኝ አለ። ይግባኙን ማን ሰማው? የሊጉ ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል። ምርመራውን ያስጀመረው የእሱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ቅጣቱን የፈቀደው እሱ ነው። የተጫዋቾች ማህበር “ተነሣልን፣ ሌላ ሰው ይስማው” ቢለው እምቢ አለ። “ገለልተኛ” የተባለውን የዌልስ ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት የሊጉ ዋና የሕግ አማካሪ ጄፍ ፓሽ አይተው አስተያየት ሰጥተውበታል። ማህበሩ ፓሽን መስቀለኛ ጥያቄ ልጠይቅ ሲል ተከለከለ። የምርመራውን ፋይል ስጡኝ ሲል አላገኘም። በይግባኙ ችሎት ደግሞ ለሊጉ ከተከራከሩት መካከል ከዌልስ የጥብቅና ድርጅት የመጣ ጠበቃ ነበረ። ምርመራውን “ገለልተኛ ነኝ” ብሎ የሠራ ድርጅት በይግባኙ ከአንዱ ወገን ተሰልፎ ቆመ።

ጁላይ 28 ጉዴል የራሱን ውሳኔ አጸና። አዲስ የጨመረው ስለ ስልኩ ነው። ብሬዲ ከዌልስ ጋር በተገናኘበት ቀን አካባቢ ስልኩን እንዲያጠፉት አድርጓል፤ አሥር ሺህ የሚጠጉ መልእክቶች አብረው ጠፍተዋል። ብሬዲ ስልክ ስቀይር ሁሌም የማደርገው ነው አለ። የሚያስጠረጥር ነገር ነው፤ ጠበቃዬ ቢሆን ኖሮ ይቆጣኝ ነበር። ግን ጥርጣሬን የሚመዝን ሰው በውጤቱ ጥቅም የሌለው መሆን አለበት።

ይህ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም፤ በራሱ በሊጉ ታይቷል። በ2012 የኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ተጫዋቾች ተጋጣሚን ለሚጎዳ ጉርሻ ይከፈል ነበር በሚል ታገዱ። ጉዴል በመጨረሻ ይግባኙን ለቀድሞው ኮሚሽነር ለፖል ታግሊያቡ አሳልፎ ሰጠ። ታግሊያቡ አብዛኛውን የምርመራ ግኝት ተቀበሉ፤ የአራቱን ተጫዋቾች ቅጣት ግን ሙሉ በሙሉ ሰረዙ። በ2014 ሬይ ራይስ እጮኛውን መትቶ ሁለት ጨዋታ ታገደ። የአሳንሰሩ ቪዲዮ ሲወጣ ጉዴል እገዳውን ላልተወሰነ ጊዜ አራዘመ። ሰውዬው ያደረገው አስጸያፊ ነው። ቢሆንም የቀድሞዋ የፌዴራል ዳኛ ባርባራ ጆንስ በገላጋይነት ሰምተው፣ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አይቀጣም ብለው ሻሩት። ሁለት ጊዜ የውጭ ሰው አየው፣ ሁለቴም ውሳኔው ፈረሰ። ብሬዲ ጋ ሲደረስ ጉዴል ራሱ ተቀመጠ፤ ውሳኔውም ጸና።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። ኒው ዮርክ የፌዴራል ዳኛ ሪቻርድ በርማን ሴፕቴምበር 3፣ 2015 እገዳውን ሻሩ። ብሬዲ ለምን እንዲህ እንደሚቀጣ አስቀድሞ አልተነገረውም፤ ፓሽን እንዲጠይቅ አልተፈቀደለትም፤ ፋይሉን አላየም አሉ። ብሬዲ የ2015ን ውድድር ሙሉውን ተጫወተ። ኤፕሪል 25፣ 2016 ግን የሁለተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሁለት ለአንድ ድምጽ እገዳውን መለሰው። አብላጫዎቹ ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ብሬዲ አስተነፈሰ አላስተነፈሰ የእኛ ሥራ አይደለም። ኮሚሽነሩ ቀጪም ይግባኝ ሰሚም እንዲሆን የኅብረት ስምምነቱ አንቀጽ 46 ፈቅዷል። ማህበሩ ፈርሟል። እኛ የተፈረመውን አናፈርስም።

የተቃወሙት ዋና ዳኛው ሮበርት ካዝማን ናቸው። ጉዴል ኳስ ማስተንፈስን ከስቴሮይድ ጋር አነጻጽሮ ነበር አራት ጨዋታ የቆረጠው። ካዝማን ቀረብ ያለውን ምሳሌ አነሱ። ተጫዋች ኳስ እንዲይዝለት እጁ ላይ ስቲከም የሚባል ማጣበቂያ ቢቀባ ቅጣቱ 8 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ሁለቱም ኳስ አያያዝን ለማሻሻል የሚደረግ ማጭበርበር ነው። ኮሚሽነሩ ይህን ለምን ትቶ ስቴሮይድን እንደመረጠ አላስረዳም አሉ። እኔ እስካሁን ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ የሰጠ ሰው አላየሁም።

ብሬዲ ጁላይ 15፣ 2016 ትግሉን አቆምኩ አለ። አራቱን ጨዋታ ተቀመጠ፤ 235 ሺህ ዶላር ገደማ ደመወዝ ቀረበት። በዚያው ዓመት ውድድር ቡድኑ አትላንታ ፋልከንስን ከ28 ለ 3 ተነሥቶ 34 ለ 28 አሸንፎ ሱፐር ቦውል ወሰደ። ደጋፊዎቹ “ተበቀልን” አሉ። ዋንጫው ግን አንቀጽ 46ን አልነካውም።

ለሚሊየነር ተጫዋች ለምን ትጨነቃለህ የሚለኝ አይጠፋም። የምጨነቀው ብሬዲ የሚፈልገውን ጠበቃ ሁሉ ቀጥሮ፣ ጠንካራ ማህበር ከኋላው ቆሞ “ፈርመሃል” በሚል ቃል ስለተሸነፈ ነው። እዚህ አሜሪካ ከእኛ ሰው ስንቱ ነው በስልኩ መተግበሪያ ታክሲ ለመሥራት ወይም መጋዘን ለመቀጠር ሳያነብ “እስማማለሁ” የሚለውን የሚጫን? ብዙዎቹ ውሎች ውስጥ ጸብ ቢነሣ ፍርድ ቤት አልሄድም፣ በግልግል ብቻ እጨርሳለሁ የሚል አንቀጽ አለ። ሕጉ ከብሬዲው የተለየ ነው፤ የእሱ የማህበር ስምምነት ነው፣ የእኛው የግል ውል። ውጤቱ ግን ይቀራረባል። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኤፒክ ሲስተምስ ጉዳይ 5 ለ 4 በሆነ ድምጽ፣ አሠሪ ሠራተኛው በቡድን እንዳይከስ በውል ማስገደድ ይችላል ብሏል። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ገላጋዩን የሚመርጠው ማን እንደሆነና ወጪውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ፈልጋችሁ አንብቡ። አንዳንዱ ውል በ30 ቀን ውስጥ ከግልግሉ አንቀጽ መውጣት ይፈቅዳል፤ ካለ ተጠቀሙበት።

ተጫዋቾቹ በ2020 አዲስ የኅብረት ስምምነት አጸደቁ፤ 1,019 ለ 959 በሆነ ጠባብ ድምጽ። በግል ሥነ ምግባር ጉዳይ መጀመሪያ የሚፈርደው ሊጉና ማህበሩ በጋራ የሚሾሙት ሰው እንዲሆን ተስማሙ። ጥሩ ጅምር ነበር። ይግባኙ ግን አሁንም ኮሚሽነሩ ወይም እሱ የወከለው ሰው እጅ ቀረ። በ2022 በጾታዊ ትንኮሳ በተወነጀለው ተጫዋች በዴሾን ዋትሰን ጉዳይ የቀድሞዋ ዳኛ ሱ ሮቢንሰን ስድስት ጨዋታ ፈረዱ። ሊጉ ይግባኝ ብሎ ለራሱ ኮሚሽነር አቀረበ፤ ጉዴልም ሰሚ ወከለ። ነገሩ በ11 ጨዋታና በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ዋትሰን ስድስት ይበቃው ነበር እያልኩ አይደለም። ይግባኝ ያለውም ይግባኝ ሰሚውን የመረጠውም አሁንም አንድ ወገን ነው። የጨዋታውን ክብር ይነካል በሚባል ጥፋት፣ የኳስ ማስተንፈስ ዓይነቱ፣ ሥልጣኑ እንዳለ የኮሚሽነሩ ነው።

የአሁኑ ስምምነት የሚያበቃው ከ2030 ውድድር ጋር ነው። ማህበሩ ጠረጴዛው ላይ ሲመለስ ባለቤቶቹ ገንዘብ ያቀርባሉ፣ ተጨማሪ ጨዋታ ይጠይቃሉ። ተጫዋቾቹ የይግባኝ ዳኛውን ከገንዘቡ በፊት ያንሡት።