«ሃሎ፣ እየነዳህ ነው?»

ከጥቂት ዓመታት በፊት አገር ቤት ገብቼ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚኒባስ ተሳፈርኩ። የተቀመጥኩት ጋቢና ነው፣ ከሾፌሩ ጎን። ገና ከከተማው ሳንወጣ ስልኩ ጮኸ። ግራ እጁ ስልኩን ይዟል፣ ቀኝ እጁ ማርሽ ላይ ነው፣ መሪውን የያዘው ክርኑ ብቻ ነው። ሉማሜ ስንቃረብ የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ በሰውና በከብት ሞልቷል። እህል የጫነች አህያ ከዳር ወደ አስፋልቱ ስትገባ እኔ አየኋት፣ እሱ አላያትም። «ኧረ አህያ!» ብዬ ስጮህ ነው ፍሬን የያዘው። ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተጋጨ። አህያዋ ለጥቂት ተረፈች። ሾፌሩ ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰና «እሺ፣ ምን አልከኝ?» አለ።

ሰው ጭጭ አለ። ይሉኝታ ያዘን፣ እኔንም ጭምር። በመጨረሻ ከኋላ አንዲት እናት «ኧረ ልጀ፣ ስልኩን ለረዳቱ ስጠውና እሱ ያናግርልህ፣ አንተ እኛን አድርሰን» አሉት። «እሺ እማማ» ብሎ ወዲያው ሰጠው። አልተቆጣም፣ አልተከራከረም። አንድ ሰው እስኪናገረው ነበር የጠበቀው ማለት ነው።

የምኖረው ለንደን ነው። እዚህ ሾፌር ስልክ የማይነካው ፈረንጅ ጨዋ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት የተከለከለው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ነው፣ ሰው ግን ከዚያም በኋላ ማውራቱን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ2017 ቅጣቱ 200 ፓውንድና መንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ 6 የጥፋት ነጥብ ሆነ። ገንዘቡ ይከፈላል፣ የሚያስፈራው ነጥቡ ነው። በ3 ዓመት ውስጥ 12 ነጥብ የሞላበት ከመንዳት ይታገዳል፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ 2 ዓመት ያልሞላው ደግሞ በዚያው በ6ቱ ፈቃዱን ይነጠቃል። የአውቶቡስና የጭነት መኪና ሾፌር ፍርድ ቤት ከቀረበ ቅጣቱ እስከ 2,500 ፓውንድ ይሄዳል። በ2022 ደግሞ ፎቶ ማንሳቱም፣ ዘፈን መምረጡም ተጨመረ። ቀይ መብራት ላይ ቆመህም ቢሆን ያው ነው። አንድ የአገሬ ልጅ ታክሲ የሚነዳ መብራት ላይ ሚስቱ የላከችውን መልእክት ሲያይ ተይዞ 6 ነጥብ ተመዘገበበት፣ እንጀራው ስለሆነ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣ።

እኛ ጋስ ሕግ የለም? አለ እንጂ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 208 እያሽከረከሩ በሞባይል ማውራትን ከልክሏል። ሾፌሩም ያውቀዋል። ትራፊክ ፖሊሱ የሚቆመው ከተማ መግቢያና መውጫ ላይ ስለሆነ እዚያ ሲደርስ ስልኩን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፣ ሲያልፍ ያነሳል። ደግሞ የሚደውልለት ማን ነው? የመኪናው ባለቤት «የት ደረስክ?» ይላል። ደላላው ጭነት አግኝቻለሁ ይላል። ካላነሳ ጭነቱ ለሌላ ይሰጥበታል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በ1 ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ማን እንደደወለ ለማየት 4 ሰከንድ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ካነሳ ወደ 90 ሜትር በጭፍን ነዳ ማለት ነው። በዚያች 90 ሜትር ውስጥ ስንት እረኛ፣ ስንት ተማሪ አለ?

ወደ ራሴ ልምጣ። ወንድሜ አይሱዙ ይነዳል፣ ከቡሬ በቆሎ ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። እኔ የምደውልለት እሁድ እሁድ ነው፣ ሥራ የማልገባው ያን ቀን ስለሆነ። ሁሌም ያነሳል። የውጭ አገር ስልክ እንዴት አይነሳም! «አውራኝ፣ ችግር የለም» ይለኛል፣ እኔም አወራለሁ። አንድ ቀን ስለ እናታችን ሕክምና እየተነጋገርን ሳለ የሆነ መኪና ጥሩምባ በረጅሙ ጮኸ፣ እሱም ዝም አለ። ቆይቶ «አባይ በረሃ እየወረድኩ ነው» አለኝ። እግሬ ከዳኝ። ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከነጭነቱ በአንድ እጁ ሲወርድ፣ ያን አንዱን እጅ የያዝኩበት እኔ ነኝ። ስንት እሁድ እንዲህ እንዳደረግኩ ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። የሚኒባሱን ሾፌር ሳማ የከረምኩት ሰውዬ እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በፊት የምጠይቀው «እየነዳህ ነው?» ነው። «አዎ፣ ግን…» ካለ እዘጋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ተቀይሞኝ ነበር፣ ኮራብኝ ብሎ ለእናታችን ነግሯት እሷም ደውላ ወቀሰችኝ። ነገሩን ሳስረዳት ዝም ብላ ቆየችና «እኔም እኮ እደውልለታለሁ» አለች።

ባለፈው እሁድ ደጀን ምሳ ሊበላ ሲቆም ሚስድ ኮል አደረገልኝ። መልሼ ደወልኩና ግማሽ ሰዓት አወራን።