ስልኩን ሰጥታችሁት አትሂዱ

የድሬ ሰዎች፣ ባለፈው ከሰዓት ከዚራ አንድ ግቢ ባርጫ ላይ ጫት እየቃምን ነበርን። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ምንጣፉ ላይ ስልክ ይዞ ተቀምጧል። ሙዝ ብቅ ሲል በጣቶቹ ሊያነሳው ይሞክራል፤ መስታወቱ ያንሸራትተዋል፤ ደግሞ ይሞክራል። «ጎበዝ፣ ከአሁኑ ስልክ ገባው!» አለ አባትየው፤ ሁላችንም ሳቅን።

አልገባውም፣ ወገኖቼ። ሙዙን ሊበላው ነበር።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጁዲ ዴሎችና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የ9 ወር ሕፃናት ሥዕል ላይ ያለውን ዕቃ ለመጨበጥ ሲታገሉ አይተዋል። የአሜሪካኑም፣ የኮትዲቯር የቤንግ ሕዝብ ልጆችም ያው ናቸው። ወደ 19 ወር ሲጠጉ ግን መጨበጡን ትተው በጣት ማመልከት ይጀምራሉ። ሥዕል የሌላ ነገር ምልክት መሆኑን ሕፃን ቀስ በቀስ ነው የሚማረው፤ አጠገቡ ተቀምጦ «ይቺ ምንድን ናት?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

ቪዲዮማ ይብሳል። የ2 ዓመት ልጆች መጫወቻ ሲደበቅ በቴሌቪዥን አይተው ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ አብዛኞቹ ፈልገው ያጡታል፤ ያንኑ በመስኮት ያዩት ግን ቀጥ ብለው ሄደው ያነሱታል። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናትም የቻይንኛን ድምፆች ፊት ለፊት ካጫወታቸው ሰው ለይተው ሲይዙ፣ ከቴሌቪዥን ምንም አልያዙም። እኛ ግን «እንግሊዝኛ ይለምዳል» እያልን ራሳችንን እናታልላለን!

ቀፊራ ገበያ ልጅ አዝላ የምትቸረችረውን እናት አልወቅስም፤ የሚያግዛት የለም። የምወቅሰው ምርቃናችን እንዳይረበሽ ብለን ሕፃኑን በስልክ የምናስረውን አባቶች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም፣ እስከ 4 ዓመት ላለውም በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ብሏል። እኛ ቤት አንድ ባርጫ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ ስልኩን ማየቱ ካልቀረ አብራችሁት እዩ። ፍየል ስትመጣ አቁሙትና ስሟን ጥሩለት፤ ፍየል በሉት፣ ጎረቤት በኦሮምኛ ረኤ፣ በሶማልኛ ሪ ይበለው። ከዚያ እጁን ይዛችሁ በር ላይ ውጡ። ፍየል ከደጃችን ጠፍታ አታውቅም። ጆሮዋን ይንካ።