ገመድ ለሚሻገሩ ጀግኖች የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ቅዳሜ በመንገዳችን ያለውን የድልድይ መጨናነቅ ታግሠን፣ ከዋሽንግተን አካባቢ አራት ሰዓት ያህል ነድተን፣ በአሳቲግ ደሴት የቨርጂኒያ ጫፍ ከሚገኘው የቺንኮቲግ የዱር አራዊት መጠለያ ስንደርስ፣ የዘመናችንን ጀግና በዓይኔ በብረቱ አየሁት። በአንድ እጁ የበረዶ ሣጥን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ፣ ወፎች የሚፈለፍሉበት ስፍራ ስለሆነ ማለፍ ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ የተንጠለጠለበትን ቀጭን ገመድ እግሩን ብድግ አድርጎ ተሻገረው። የአገሬ ልጅ መሆኑን ያወቅሁት «እስቲ ይህን እዩልኝ!» እያለ ለስልኩ ማውራት ሲጀምር ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በሄዳችሁበት የባሕር ዳርቻ ሁሉ አንድ አይጠፋም።

እንዲህ ያለ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። መጠለያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ሲቋቋም የታሰበው ክረምቱን ሸሽተው ከሰሜን ለሚመጡ ነጭ ዝዮች ማረፊያ እንዲሆን ነበር፤ በ1997 የወጣው የፌዴራል ሕግም በእነዚህ መጠለያዎች የዱር እንስሳት ይቀድማሉ፣ የሰው መዝናኛ የሚፈቀደው ከእነርሱ ደኅንነት ጋር ሲስማማ ብቻ ነው ይላል። ጀግናችን ግን ኮንግረስን ሳያስቸግር ሕጉን አሻሽሎታል፦ በመጀመሪያ እርሱ፣ ቀጥሎ የበረዶ ሣጥኑ፣ ቦታ ከተረፈ ወፏ።

ወፏ ፓይፒንግ ፕሎቨር ትባላለች፤ ክብደቷ ከአንድ የዶሮ እንቁላል እምብዛም አይበልጥም። ከ1986 ጀምሮ የመጥፋት ሥጋት ካንዣበበባቸው ዝርያዎች መዝገብ ገብታለች። አሸዋውን ጫር ጫር ታደርግና አሸዋ የመሰሉ አራት እንቁላሎች ትጥልበታለች፤ የደሴቱ ደቡባዊ ጫፍ ከማርች አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ ለሰው የሚዘጋውም ስለዚሁ ነው። ጀግናው ሲቀርባት ክንፏ የተሰበረ መስላ እየተንፏቀቀች ከእንቁላሎቿ ልታርቀው ሞከረች፤ እርሱ ግን ለክብሩ የተዘጋጀ ጭፈራ መስሎት ቀረጻት። «ጌታው፣ ተዘግቷል ይላል እኮ» ስለው፣ «ለአንድ ፎቶ እኮ ነው ወንድሜ» አለኝ።

እኔም ሳስበው እውነቱን ነው፤ ጥፋቱ የመጠለያው ዕቅድ አውጪዎች ነው። በ2015 ለአሥራ አምስት ዓመት የሚሆን ዕቅድ ሲያጸድቁ፣ የመጠለያው ኩሬዎች ውኃ በጸደይ ተቀንሶ ጭቃው ለባሕር ዳርቻ ወፎች እንዲጋለጥ፣ በመኸር ተሞልቶ ዳክዬና ዝይ እንዲቀበል የመሳሰለውን ጻፉ እንጂ የጀግናውን ፈቃድ አልጠየቁም። ማዕበል በየጊዜው የሚበላውን የመኪና ማቆሚያ ከነመዋኛው ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ወደ ሰሜን ለማዛወር ማሰባቸውማ ድፍረት ነው! የሚቀጥለው ዕቅድ ይታረምልን። ዝዮቹ በበጋ ይምጡ፣ የጀግናው የዓመት ፈቃድ ጁላይ ላይ ነውና። ወፏ እንቁላሎቿን በእርሱ የበረዶ ሣጥን ውስጥ ትጣል፣ ፎቶው ከመቀመጫው ሳይነሣ እንዲነሣለት። ጫጩቶቹ ከመኪናው በር እስከ ጃንጥላው ግራና ቀኝ ተሰልፈው ያጨብጭቡ፤ ክንፋቸው ገና ካልጠነከረ እግራቸውን ይምቱ። አትላንቲክ ውቅያኖስም ከጧቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ወደ ማቆሚያው እንዳይጠጋ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት፤ እምቢ ካለ ተጎታች መኪና ይጠራበት።

(ውሻ በመኪና ውስጥ ተቀምጦ እንኳ መግባት እንደማይፈቀድለት ሲነገራት፣ ከቦርሳዋ ጆሮ እየታየ «ውሻ አይደለም፤ ልጄ ነው» ያለችው እመቤትም ምስጋናው ይድረሳት።)

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። እናቲቱ ከእንቁላሎቿ ተባርራ በቆየች ቁጥር የበጋው ፀሐይ ያበስላቸዋል። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ምግባቸውን እየለቀሙ ይሯሯጣሉ፤ ለመብረር ግን አራት ሳምንት ገደማ ያስፈልጋቸዋልና እስከዚያ ከእግራችን ሥር ናቸው። ጥለነው የምንሄደው አጥንትና ፍርፋሪ ቀበሮና ቁራ ይጠራል፤ የተጠራው ደግሞ ጫጩት ሳይበላ አይመለስም። ይህ ሁሉ በር ላይ ተጽፏል። ሰውዬው ማንበብ አቅቶት አይደለም፤ አንብቦ ነው የተሻገረው! እኔም አንዲት ቃል ተናግሬ፣ እንዳልጣላው ፈርቼ፣ ጥበቃ እንኳ ሳልጠራ ቆሜ አየሁት።

ለማንኛውም ጀግናው በሰላም ተመልሷል። ሲመለስ ግን ገመዱ እግሩን ጠለፈውና ከነሣጥኑ በአሸዋው ላይ ተዘረጋ፤ ተነሥቶም ልብሱን እያራገፈ፣ «ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ገመድ የሚዘረጋ ኃላፊ የት ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ።